የታጠበ ምላጭ

ዝናቡ በጊዜው መጣ፤ በጊዜው ግን አልሄደም። መጀመሪያ ድልድዩን ወሰደ። ድልድዩ ከሄደ ወዲህ የጭነት መኪና ወደ ከተማዋ አልገባም። ላምባ ጠፋ። ሳሙና ተወደደ። ማገዶ ረጥቦ አልነድ አለ። የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ ሐኪሙ ለመጣ ሁሉ ምክር ብቻ ይሰጥ ጀመር። ምላጭ ከሱቅ ስለጠፋ ወንዱ በሙሉ ጺሙን አሳደገ፤ ሰው ጎረቤቱን ከሩቅ መለየት ተሳነው። ብርዱ ሲከፋ ሳሉም ውጋቱም በረታ። የታመመ ወደ ባህል ሐኪሞች ሄደ። ወትሮም ይሄዳል፤ በዚያ ክረምት ግን ሌላ የሚንኳኳ በር አልነበረም።

ግንበኛው የሞተው ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ፀሐይ ብቅ ማለት በጀመረችበት ሰሞን ነው።

ወንድሙ በጠዋት ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ፣ ወንድሜን መርዘው ገደሉብኝ አለ። ማን ሲሉት፣ ደም የምታወጣዋ አሮጊት አለ። በእጁ ድንጋይ ይዞ ነበር። ሳጅኗ ድንጋዩን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ለማስረጃ ነው ወይስ ለመንገድ?» አለችው።

ወንድምየው አልሳቀም። መርማሪው ኮቱን ደረበና ተነሣ።

ግንበኛው ለሰው ሲገነባ ኖሮ የራሱን ቤት ግድግዳ ሳይለስን ነው የሞተው። ሬሳው አልጋው ላይ እንደ ቀስት ተወጥሯል። ጥርሱ ገጥሟል፤ ከንፈሩ ወደ ጎን ስለተሳበ የሚስቅ ይመስላል። ሳጅኗ እንዲህ ሆኖ የሞተ የተመረዘ ውሻ አይታ ታውቅ ነበርና ይህንኑ በመርማሪው ጆሮ ነገረችው።

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ራሱን ያመው ነበር። አሮጊቷ ዘንድ ሄዶ ከማጅራቱ ደም አስወጣ። ቀለለኝ ብሎ ሥራ ገባ። ሰንበት ብሎ ማኘክ አቃተው። ጥርሴን ያዘኝ ሲል ሳቁበት፤ እሱም ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ወዲያ በር በተዘጋ ቁጥር ሰውነቱ ይገተር ጀመር።

«በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ቀስ ብላችሁ ዝጉት ስል ነው የከረምኩት» አለች። «አሁንም ልል እየቃጣኝ ነው።»

ሐኪሙ ጭቃ የጠጣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ሬሳውን ገልበጥ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ትንንሽ ብጣቶች አሳያቸው። ከላይ ሲያዩዋቸው ድነዋል።

«መርዝ አይደለም፤ መንጋጋ ቆልፍ ነው» አለ። «አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። የፈረስ ፋንድያ ያለበትን አፈር ይወዳል። የገባው በነዚህ ነው።»

ወንድምየው፣ እንግዲያው አሮጊቷ አፈር ቀባችው አለ። ሐኪሙ መርማሪውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣና ሌላም በሽተኛ እንዳለው ነገረው። ጫማ ሰፊው ጤና ጣቢያ ተኝቷል፤ በሽታው ያው ነው። እሱን የነካችው ግን አሮጊቷ አይደለችም። የብብቱን እባጭ የበጣለት ከገበያው በታች ያለው መድኃኒተኛ ነው።

«ሁለት እጅ፣ አንድ በሽታ» አለ ሐኪሙ። «ምንጩ አንድ ከሆነ ይሄኔም የሚበጣ ሰው አለ። እኔ ደግሞ የምሰጠው የለኝም። ቶሎ ፈልግልኝ።»

ጫማ ሰፊው የተኛበት ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ብርሃንና ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል። መርማሪው ጫማውን አውልቆ ገባ። ጫማ ሰፊው በገጠሙት ጥርሶቹ መካከል እያፏጨ ነው የሚናገረው። መድኃኒተኛው ንጹሕ ሰው ነው አለ። እጁን ታጥቧል፤ ምላጩንም ከታሸገ ወረቀት ሲያወጣው በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

«የሰው ጫማ ስሰፋ ኖሬ» አለ፣ «የኔ አፍ ተሰፋ።»

አሮጊቷን የከተማው ሰው ዋጋሚዋ ይላታል። ዋግምት በሚባለው ቀንድ ደም ስባ የምታወጣ ናት። በሯ ሥር ድንጋይ ተበትኗል። ክፍሏ አንዲት ናት። ቀንዶቹ በነጭ ጨርቅ ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል። ከጎናቸው የመታጠቢያ ሳህን፣ ማንቆርቆሪያ፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

«ከኛ ጣቢያ ይሄ ቤት ይጸዳል» አለች ሳጅኗ።

«ከጣቢያ የማይጸዳ ምን አለ፣ ልጄ?» አለች ዋጋሚዋ። ተነሥታ ወንበር ጠረገችላቸው።

መርማሪው አሠራርዎን ያሳዩኝ አላት። አሳየችው። ቀንዱን ትቀቅላለች። የሚበጣውን ገላ በሳሙና ታጥባለች። ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ፣ እሱንም ሰውየው እያየ ነው የምትፈታው። የባህል ሐኪሞች ማኅበራቸው ሕግ ነው፤ ሕጉን ያወጣው የማኅበሩ አለቃ ወጌሻው ነው። በፊት በአንድ ምላጭ መንደር ሙሉ ይበጣ ነበር። ወጌሻው ስንት ዘመን ተሟግቶ፣ ተሰድቦ፣ ሕጉን አስለመደ። ያገለገለውም ምላጭ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ማኅበሩ ጉድጓድ ይሄዳል፤ እዚያ ይቃጠላል፤ ይቀበራል።

መርማሪው የቆርቆሮውን ክዳን ከፈተ። ውስጡ ያሉት ምላጮች ያበራሉ። የደም ነጠብጣብ እንኳ የለባቸውም።

«እነዚህ አዲስ ናቸው?»

«ያገለገሉ ናቸው እንጂ» አለች። «አጥቤያቸው ነው። የሰው ደም እሳት ውስጥ አይገባም፣ ልጄ። ደሙ ከተቃጠለ ባለቤቱ ይቃጠላል፤ ትኩሳቱ ተመልሶ ይነሣበታል። ስለዚህ ማናችንም ሳናጥብ አንጥልም። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።»

ሳጅኗ አንዱን በጨርቅ አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። እሷም አዲስ ነው ትል ነበር።

ያልተፈቱ ሁለት ቀርተዋት ነበርና ሰጠቻቸው። ሰም በተቀባ ወረቀት ተጠቅልለዋል። መርማሪው ከየት አገኟቸው አላት። እንደ ወትሮው ከማኅበሩ አለች። ከማን እጅ ብሎ አልጠየቀም። ወትሮ እየዞረ ያገለገለውን የሚሰበስበውና አዲሱን የሚያድለው የጉድጓዱ ሠራተኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በኋላ መርማሪው ራሱን የወቀሰው በዚህች ነው።

ወንድምየው መንገዱ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ስለዚህ ዋጋሚዋን ለራሷ ደኅንነት ወደ ጣቢያ ወሰዷት። ቀንዶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ከሰዓት ባለሱቁን ጠየቁት። ቅናሽ ይሉታል፤ በሕይወቱ ቀንሶ ግን አያውቅም። ምላጭ የደበቀ እንደሆነ የሚደብቀው እሱ ነው ብላ ሳጅኗ ገምታ ነበር። ቅናሽ ደረቱ የደረሰውን ጺሙን በሁለት እጁ ይዞ አሳያቸው።

«ምላጭ ቢኖረኝ ይህን ተሸክሜ እዞራለሁ?» አለ። «ሚስቴ ከጓዳ ስወጣ ሌባ መሰልኳት፤ በወጥ ማማሰያ ነው የመታችኝ።»

መጋዘኑን ፈተሹ። የምላጭ ማስቀመጫው ሳጥን አቧራ ይዟል። ሲወጡ መርማሪው የራሱን ጺም አሸት አሸት አደረገ። በከተማዋ ምላጭ የለም። የማኅበሩ ሰዎች ግን ክረምቱን ሙሉ ለያንዳንዱ በሽተኛ የታሸገ ምላጭ ሲፈቱ ከርመዋል።

ወደ ወጌሻው ሄዱ።

መርማሪው መንገዱን ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ከጣሪያ ወድቆ ቀኝ አንጓው ደቅቆ ነበር። የዚያን ጊዜው ሐኪም እጁ ይቆረጥ ብሎ ነበር። አባቱ ተሸክሞ ወጌሻው ዘንድ አመጣው። ወጌሻው አጥንቱን እንደ ጥራጥሬ እየለቀመ ገጠመው፣ በመቃ አሠረው፣ ክረምቱን ሙሉ እየፈታ ጠቀለለው። አባቱ በግ ጎትቶ ቢመጣ አልቀበልም አለ። ዕዳው የልጁ ነው፤ ራሱ ይክፈለኝ፤ ጊዜው ሲደርስ እጠይቀዋለሁ አለ። አባቱ ሲሞት እንኳ ይህን አደራ ደግሞ ነገረው። ወጌሻው እስካሁን አልጠየቀም። መርማሪው በዚህ እጁ ጽፏል፣ ተኩሷል፣ ልጁን ታቅፏል።

ሽማግሌው ጨርቅ እየተለተለ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላየም። መርማሪው እጁን ሲዘረጋለት አንጓውን ይዞ በአውራ ጣቱ አጥንቱን ዳሰሰው።

«ይዟል» አለ። «አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

መርማሪው የመጣበትን ነገረው። መንጋጋ ቆልፍ የሚለውን ሲሰማ የሽማግሌው ጣቶች ጨርቁ ላይ ቆሙ። ሞቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ግንበኛው መሞቱን፣ ጫማ ሰፊው በሞትና በሕይወት መካከል መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ተጠባባቂ ምላጭ ነበረን አለ፤ ድልድዩ ሳይሄድ ያስቀመጥነው።

«ንጹሕ ምላጭ ነው የታደለው» አለ። «አንድ በአንድ በዚህ ጣት ተዳሷል።»

የጉድጓዱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው ሲሉት፣ ወትሮ ሠራተኛው አመዶ ዘንድ ነው አለ። ሌላ አልጨመረም። ሳጅኗ ደጅ ስትወጣ፣ ሽማግሌው ክው ብሏል አለች። መርማሪው ግንበኛው የሱን ቤት ግድግዳ ሠርቶለታል፣ ለዚያ ነው አላት። እውነቱን ነበር፤ ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታውኑ መርማሪው የታደለው ምላጭ ሁሉ ይሰብሰብ ብሎ አዘዘ። ሳጅኗ በየመድኃኒተኛው ቤት ዞረች። ባዶ እጇን ተመለሰች። አንዱ አልቆብኛል አለ፤ ሌላው ምላጭ አይቼ አላውቅም አለ፤ አንዲቷ በሩንም አልከፈተች። ዋጋሚዋን ፖሊስ ይዟት ሲሄድ አይተዋል።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» አለች ሳጅኗ። «ሁሉም ዋሽተውኛል። ግን ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ምላጩ ፍራሽ ሥር ነው።»

«ነገ ደግሞ ሰው አንገት ላይ ነው» አለ መርማሪው።

በነጋታው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ጉድጓዱ ያለው ከከተማው ዳር፣ የጋሪ ፈረሶች ከሚያድሩበት በረት ጀርባ ነው። በሽቦ ታጥሮ በር ተበጅቶለታል። ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ የበረቱን ፋንድያ ጠርጎ እያመጣ አስገብቶበታል። ሳጅኗ አንድ እግሯ ሰጥሞ ጫማዋ ሲቀር፣ ጫማ ሰፊው ቶሎ ቢድንልኝ አለች። ጉድጓዱ ውስጥ ከሰል የለም፤ አመድ የለም። ጥጥ፣ ጨርቅ፣ የተሰበረ ጠርሙስ በጭቃ ተለውሶ ተከምሯል። ላምባ ከጠፋ ወዲህ እሳት አላየም። መርማሪው በእንጨት ቆፈር ቆፈር አደረገው። በማኅበሩ ያሉት ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ሲጥሉ ነው የከረሙት። አንድ ምላጭ ግን አላገኘም። ከአጥሩ ጥግ ሽቦ ወንፊት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ መሬቱ ላይ የከዘራ ጫፍ የወጋቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

አመዶን እዚያው ከበረቱ አጠገብ ካለች ጎጆው አገኙት። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ግራጫ ነው። አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዘራ ተደግፎ ወጣ። ሳጅኗና መርማሪው ከዘራውን አዩ፤ ተያዩ። ወንፊቱን ሲያሳዩት የኔ አይደለም አለ። ምላጩ የት ሄደ ሲሉት አላውቅም አለ። ይዘውት ሄዱ። መንገድ ላይ ወንድምየው አገኛቸው፤ የአመዶን አንገት አንቆ ያዘ፤ ሰው ተሰብስቦ ስለነበር በመከራ አስለቀቁት።

አመዶ ጣቢያ ገብቶ ዋጋሚዋን ሲያይ ነው እንባው የመጣው።

«እማማ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?» አላት።

«ቤቱን እያጸዳሁላቸው ነው» አለችው። እውነትም መጥረጊያ ይዛ ነበር።

አመዶ ሲረጋጋ ተናገረ። ዝናቡ እንደ ጀመረ፣ የመጨረሻውን እሳት ሲያነድ ላምባው ፈንድቶ እግሩን አቃጠለው። ጤና ጣቢያ ገብቶ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተኛ። የወጣው ገና በዚህ ሰሞን ነው። ቁልፉን ለማን ሰጥተህ ገባህ ሲሉት ግን አንገቱን ደፋ። ሳጅኗ ሮጣ ሐኪሙን ጠየቀች። ሐኪሙ፣ አመዶ አንድም ቀን ከአልጋው ሳይወርድ አጠገቡ ያሉትን በቀልዱ ሲያስቃቸው መክረሙን ነገራት። ሰውየው አልዋሸም።

መርማሪው ዋጋሚዋን ጠራት። በመጀመሪያው ቀን ቤቷ ሳለ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ።

«እማማ፣ አመዶ ተኝቶ ሳለ ምላጩን የሚሰጣችሁ ማን ነበር?»

ዋጋሚዋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወለሉን አየች። ማንን ለመሸፈን እንደምትደክም ከዝምታዋ ገባው፤ መቀበል ግን አልፈለገም።

ብቻውን ቢሮው ተቀመጠ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ዋጋሚዋ ከሰጠቻቸው ሁለት ምላጮች አንዱን ፈታው። አገላብጦ አየው፤ ያበራል። ከኮቱ መርፌ ቁልፍ ነቅሎ፣ ምላጩ መሀል ለመሀል ባለው ስንጥቅ ጥግ ሰደደው። እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ። አሸተተው።

ከዚያ ወረቀቱን አየ። ሙጫ የለውም። ከግራ ወደ ቀኝ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ አንዴ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ተወትፏል። ሊመልሰው ሞከረ። ጣቶቹ ሳያስብ ጠቀለሉት፤ ጠመዘዙት፤ ወተፉት። ልክ እንደ ነበረ ሆነ። ማንም አላስተማረው። ግን አንድ ክረምት ሙሉ፣ ልጅ ሆኖ፣ አንጓው ላይ ይህ አጠቃለል ሲፈታና ሲታሰር አይቷል። ይህን የሚያደርግ እጅ በከተማው አንድ ነው።

የሽማግሌውም ቃል ትዝ አለው። ንጹሕ ነው ያለው። አዲስ ነው አላለም።

በማግሥቱ ጠዋት ሄዱ። ወጌሻው ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እንደሚመጡ ያውቅ ነበር። መርማሪው ከፊቱ ተንበርክኮ ምላጩን በጨርቅ ላይ አኖረለት።

«አባባ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነው?»

ሽማግሌው ጠፍጣፋውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ልስልስ ያለ።»

«ያዩታል?»

«ካየሁ ቆይቻለሁ። ጥላ ነው የማየው። እጄ ግን ያያል። ያንተን አጥንት ያየው ዓይኔ ነበር?»

ነገራቸው። ሳያለቅስ፣ ሳይቸኩል። ድልድዩ ሲሄድ የማኅበሩ ሰዎች ምላጭ ብለው መጡ። የለም ቢላቸው ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል። ወደ ድሮው ይመለሳሉ፤ አንዱን ምላጭ ለመንደሩ ሁሉ ያዞሩታል። ዕድሜ ልኩን የተሟገተበት ሕግ በአንድ ክረምት ሊፈርስ ነው። አመዶ ቁልፉን ሰጥቶት ነው ጤና ጣቢያ የገባው። ምላጮቹ ታጥበው ነው የተጣሉት። አንድ ጊዜ የታጠበን መልሶ ቢያጥበው ምን አለበት ብሎ አሰበ። በከዘራው እየተመራ ሄዶ በወንፊት ለቀማቸው። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠባቸው፤ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ለሕመምተኛ መጠቅለያ በሚጠቀምበት የሰም ወረቀት ጠቀለላቸው።

«ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ እንዲባል ነው» አለ። «ሕጉ እንዳይፈርስ።»

መርማሪው በመርፌው የስንጥቁን ጥግ ጫረ። የወጣችውን ጥቁር ነገር በሽማግሌው ጣት ጫፍ ላይ አኖራት። ወጌሻው በአውራ ጣቱ አሻት። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ።

«የበረቱ አፈር» አለ። «ጉድጓዱ።»

ጣቱን ከልብሱ ጋር አላበሰውም። ዘርግቶት ቆየ።

«እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ጣት አይገባም» አለ መርማሪው።

«አይገባም» አለ ሽማግሌው። «በዚህ እጅ ስንቱን ሳቃና ኖሬ።» አልጨረሰውም።

ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇ ካቴናው ላይ ነው፤ ግን አላወጣችውም። ስንት ቤት ውስጥ ቀርቷል ብላ ጠየቀችው። ብዙ ቤት አላት። ከትናንት በስቲያ ፖሊስ ሲዞር እንደደበቁት ሰምቷል።

ከዚያ ፊቱን ወደ መርማሪው መለሰ። «አንተ፣ ዕዳ አለብህ።»

«አለብኝ፣ አባባ።»

«ዛሬ እጠይቅሃለሁ።»

ሳጅኗ መርማሪውን አየችው። ጉልበቱ ላይ ያለው ቀኝ እጁ ተጨብጧል። ሽማግሌው ልቀቀኝ ቢለው እንደማይለቀው ያውቃል፤ እንቢ ብሎም ከአባቱ አደራ ጋር እንዴት እንደሚኖር አያውቅም።

«ለናንተ አይሰጧችሁም» አለ ወጌሻው። «ለኔ ይሰጡኛል። በየበሩ ሄጄ ራሴ ልንገራቸው። ከጣቢያ ከገባሁ ሰው ነው የሚነግርልኝ፤ ሰው ሲነግርልኝ ደግሞ አያምኑም፤ ፖሊስ አስገድዶት ነው ይላሉ። ግን መንገዱ ጭቃ ነው፤ አላየውም። ቀኑን ሙሉ እጅህን ስጠኝ። የምጠይቅህ ይሄን ነው።»

መርማሪው ተነሣ። ቀኝ እጁን ሰጠው። ሽማግሌው አንጓውን ያዘ።

በጠራራ ፀሐይ ወጡ። ሳጅኗ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ሰው በየደጁ ቆሞ አየ፤ ማን ማንን ይዞ እንደሚሄድ መለየት ቸገረው። በየበሩ ሽማግሌው አንድ ቃል ነው የሚናገረው። የሰጠኋችሁ ምላጭ ከጉድጓድ ያወጣሁት ነው፤ ሰው ገድሏል፤ መልሱልኝ፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንዳንዱ አላመነም። አንዲቷ እርስዎ አያደርጉትም ብላ ተከራከረችው። አድርጌዋለሁ አላት። ፍራሽ ሥር፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ የነበረው እየወጣ ቆርቆሮው ውስጥ ወደቀ።

ከገበያው በታች ያለው መድኃኒተኛ ቤት ሲደርሱ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሕፃኑ አንገት ላይ እባጭ ወጥቷል። ወረቀቱ ተፈቷል፤ ምላጩ በመድኃኒተኛው ጣቶች መካከል ነው። ወጌሻው ምን እንደሆነ አላየም። የወረቀቱን ድምፅ ግን ሰምቷል። መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። መድኃኒተኛው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ መርማሪውን አየ። ምላጩን መዳፉ ላይ አኖረለት። እባጩን በሙቅ ጨርቅ ያዘው፣ ራሱ ይፈነዳል አለው ሽማግሌው። እናትየው ልጇ ከምን እንደተረፈ ሳታውቅ፣ ምነው ሥራ አስፈታችሁብኝ ብላ አጉረመረመች።

የሰጠባቸው ቤቶች ሁሉ አለቁ። ሳጅኗ፣ በቃ አይደል አባባ አለችው።

«ግንበኛው ቤት አልሄድንም» አለ።

ወንድምየው በሩ ላይ ነበር። ሽማግሌውን ሲያይ አሳለፈው፤ እሱም እንደሌላው ሰው ሊያጽናና የመጣ መስሎት ነው። ሚስቱ ያው ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ወጌሻው ቁጭ አላለም። ቆሞ ነገራት። ለምን እንዳደረገው ግን አልነገራትም፤ ያደረገውን ብቻ ነገራት። ወንድምየው ድንጋይ የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ። ሽማግሌው ሸሽቶ አልተሸሸገም፤ ወንድምየው የሚመታው ነገር ከፊቱ ቆሞ ሳለ እጁ አልነሣለት አለ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሚስቱ ሽማግሌውን ብዙ ጊዜ አየችው። እሱ እንደምታየው አላየም።

«ይቅር ልበልዎት እንዴ?» አለች።

«አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ።»

ሊወጡ ሲሉ ድምጿ ተከተላቸው።

«በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት።»

ሳጅኗ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ጣቢያው ደጅ ሲደርሱ ዋጋሚዋና አመዶ እየወጡ ነበር። ዋጋሚዋ ቀንዶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሁሉንም ሰምታለች። ቆማ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እሱ ግን አላያትም፤ አመዶ እማማ እጅ ነሥተውዎታል ሲለው ነው ራሱን የነቀነቀው። ሐኪሙ ደግሞ ጫማ ሰፊው ማንኪያ ውሃ መዋጡን ሰው ልኮ አስነግሯል።

ደረጃው ሥር ሽማግሌው ቆመ። ቀኑን ሙሉ የያዘውን አንጓ ገና አልለቀቀውም። አውራ ጣቱን አጥንቱ ላይ አመላለሰ፤ በዚያ በልጅነቱ ክረምት ጨርቁን በፈታ ቁጥር ያደርግ እንደነበረው።

«ይዟል» አለ።

«ይዟል፣ አባባ።»

«እንግዲህ ከዛሬ በኋላ የለብህም» አለና እጁን ለቀቀው።